ከጉሎ ቅጠል እስከ ልቃቂት፦ የሐር ትል ያረባሁበት ማስታወሻ

መስከረም 19

እንቁላሎቹ ዛሬ ከሰዓት በሚኒባስ ተላኩልኝ። በካርቶን ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት፣ ወረቀቷ ላይ የተጣበቁ ነጫጭ ፍሬዎች። መጠናቸው በጤፍና በሰሊጥ መካከል ነው። በማጉያ መነጽር ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ 304። የላከልኝ አርቢ «መስከረም 15 የተጣሉ ናቸው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈሉ ቅጠል አዘጋጅ» ብሎኛል።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይኼ ደግሞ የምን ዘር ነው?» አለች። የሐር ትል ነው፣ ሲያድግ የእሳት እራት ይሆናል አልኳት። «ታዲያ እራቱን የምትቀልበው ለየትኛው እሳት ነው?» ብላኝ ወደ ማድቤት ገባች።

የሐር ትል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመልበሪ ዛፍ ቅጠል የሚበላውን ነው። የእኔዎቹ ሌላ ናቸው። ሳይንሱ ሳሚያ ሪሲኒ ይላቸዋል፣ አርቢዎች ኤሪ ይሏቸዋል፣ ምግባቸው ጉሎ ነው። የመረጥኳቸውም ለዚሁ ነው፤ አዳማ ላይ መልበሪ ፍለጋ ከመዞር አጥር ሥር የበቀለ ጉሎ መቁረጥ ይቀላል።

መስከረም 20

የመደርደሪያ ሥራ። ከእማዬ ሁለት ሰፌድ ለመንኩ፤ አንዱን ሰጠችኝ፣ ሁለተኛውን «ትል የተኛበት ላይ ገብስ አላበጥርም» ብላ ከለከለችኝ። ገበያ ወጥቼ ሦስት ጨመርኩ። ሁሉንም በበረኪና ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። የመደርደሪያውን አራት እግሮች በአራት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ አቁሜ ጣሳዎቹን ውኃ ሞላሁ። ይኼ ለጉንዳን ነው።

ከዚያ ጉሎውን ቆጠርኩ። ግቢ ውስጥ ስድስት እግር፣ ከአጥሩ ውጭ አምስት። አሥራ አንድ እግር ጉሎ ለ300 ትል ከበቂ በላይ መስሎ ታየኝ።

ጉሎ መገኛው ኢትዮጵያን ጨምሮ ይኼው የእኛ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ትሉ ግን ሰው ያለመደው በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ነው። «ኤሪ» የሚለው ስም የመጣውም በዚያው አገር ጉሎ ከሚጠራበት ቃል ነው። ሐሩን የሰየሙት በትሉ ሳይሆን በቅጠሉ ነው ማለት ነው። ከዚህ ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚህ ትል ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል፤ ትሉ ለአገራችን አዲስ አይደለም፣ ለእኛ ቤት እንጂ።

የጉሎውን ፍሬ ዘለላ በሙሉ ቆርጬ አስወገድኩ። ቅጠሉን ትሉ ይብላው እንጂ ፍሬው ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለው፤ የእህቴ ልጅ ሚጡ ደግሞ መሬት ላይ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምታስገባበት ዕድሜ ላይ ናት።

መስከረም 24

እንቁላሎቹ ነጭነታቸውን ለቀው ወደ ግራጫ ዞረዋል። ማታ በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኳቸው። ጨለማ ውስጥ አድረው ጠዋት በአንድ ጊዜ ብርሃን ሲያዩ አብረው ይፈለፈላሉ። አንድ ላይ ያልተፈለፈለ ትል አንድ ላይ ቆዳ አይጥልም፣ አንድ ላይ ካልጣለ ደግሞ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየበላ ሥራው ይዘበራረቃል።

መስከረም 25

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጨርቁን አነሳሁት። ወረቀቷ ትንቀሳቀሳለች! ግማሽ ሳንቲሜትር የማይሞሉ፣ ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ሰውነታቸው ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብና ፀጉር ያለበት ክሮች። በእጅ አይነኩም። ከጉሎው ጫፍ ለጋ ቅጠል ቀንጥሼ ከላያቸው አስቀመጥኩ፣ እነሱ ራሳቸው ወጡበት። ወረቀት ላይ የቀሩትን በዶሮ ላባ ጠርጌ አሸጋገርኩ። ማታ ባዶ ቅርፊት ስቆጥር 271 ሆነ።

መስከረም 27

ጉንዳን። የጣሳው ውኃ እንዳለ ነው፣ መደርደሪያው ግን በአንድ በኩል ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነበር፤ ከሰፌዱ ያለፈ አንድ ረጅም የቅጠል ዘንግ ግድግዳውን ነክቶ ድልድይ ሠርቶላቸዋል። 14 ትል ወሰዱ። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኩት።

መስከረም 30

ትናንት ከሰዓት ጀምሮ መብላት አቁመዋል። ሁሉም ባሉበት ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው እንደ ሐውልት ቆመዋል። ሞቱ ብዬ ነበር። አርቢው ዘንድ ስደውል ሳቀብኝ፤ «ቆዳ ሊጥሉ ነው፣ አትንካቸው፣ ቅጠልም አታብዛ» አለ። እማዬ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፌዱ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሱባኤ ገቡ በለኛ።»

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቋንቋ ቆዳ መጣል ሱባኤ ነው። አንድ ትል በዕድሜው አራት ሱባኤ ይገባል። እያንዳንዱ አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል፣ ሲወጡ ደግሞ ጾመኛ እንደሚገድፈው ነው የሚበሉት።

ጥቅምት 4

ሁለተኛው ሱባኤ።

ጥቅምት 8

ሦስተኛው ወጣ። መልካቸው ፈጽሞ ተለውጧል። ቢጫው ጠፍቶ ነጣ ብለዋል፤ ጀርባቸው ላይ በረድፍ የቆሙ ለስላሳ እሾኮች አሏቸው፣ መላ ሰውነታቸው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። እሾኩ አይወጋም፣ አያሳክክም፤ ሚጡ አንዱን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ስሙን «ቅቤ» አለችው።

ጥቅምት 10

ሌሊት ያልጠበቅነው ዝናብ ጣለ። ጠዋት ለሥራ ስለቸኮልኩ ቅጠሉን አራግፌ ብቻ ሰጠኋቸው። (ይኼን መስመር በኋላ ደግሜ ሳነበው ራሴን መጎንተል ያምረኛል።)

ጥቅምት 12

ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉ ይሸታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰፌድ ላይ ያሉት ትሎች ለስልሰዋል፣ ኩሳቸው መድረቁ ቀርቶ ፈሷል፣ አንዳንዶቹ በኋላ እግራቸው ብቻ ዘንግ ይዘው ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፣ ሲነኩ ይፈነዳሉ። እርጥብ ቅጠልና የታፈነ አየር ሲገናኙ ባክቴሪያ የሚያመጣው የሆድ በሽታ ነው።

እስከ እኩለ ሌሊት ሠራሁ። የታመመውን ሁሉ በላስቲክ ሰብስቤ ጉድጓድ ውስጥ በኖራ ቀበርኩ። ጤነኞቹን አዲስ ቅጠል አልብሼ ወደ ሌላ ሰፌድ አዛወርኩ፣ አሮጌውን ሰፌድ በረኪና ውስጥ ነከርኩ፣ አልጋቸው ላይ የተነፋ የኖራ ዱቄት ነሰነስኩ። መስኮቱን ከፍቼ በወንፊት ሽቦ ጋረድኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ይኼው ሆነ። በድምሩ 29 ሞቱ። የቀሩት 228 ናቸው።

አሁን ሕጉ ይኼ ነው፤ ቅጠል ጤዛ ከደረቀ በኋላ ይቆረጣል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይሰጣል። ጧት ከቸኮልኩ ሳይበሉ ይቆያሉ እንጂ እርጥብ አይበሉም።

ጥቅምት 14

አራተኛው ሱባኤ ተፈጸመ፣ የመጨረሻው ዕድሜ ተጀመረ። እስከ ዛሬ የሰጠሁትን ቅጠል በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ስጽፍ ነበር። እስከ ሦስተኛው ሱባኤ 650 ግራም፣ ከዚያ እስከ አራተኛው 1.2 ኪሎ። በሃያ ቀን ሁለት ኪሎ ያልሞላ ቅጠል። «ቀላል ነው» የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ ሽው ብሎብኛል።

ጥቅምት 17

ቀላል አይደለም።

በቀን አምስት ጊዜ ነው የምሰጣቸው፤ የመጨረሻው ማታ አምስት ሰዓት ላይ። አሁን እያንዳንዱ የአዋቂ ሰው ጣት ያህላል፣ ከሰባት ሳንቲሜትር በላይ ነው። አንዱ የጉሎ ቅጠል ላይ ሲወጣ ቀረብ ብዬ አየሁት። የቅጠሉን ጠርዝ በፊት ሦስት ጥንድ እግሮቹ መሐል እንደ ወረቀት ይይዛል፤ ወፍራሞቹ አምስት ጥንድ የኋላ እግሮች ዘንጉን ጨብጠዋል። ጭንቅላቱ ከላይ ወደ ታች በቅስት ይወርዳል፣ ግማሽ ጨረቃ ያህል ይጎድላል፣ ጭንቅላቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። በጎኑ በኩል ዘጠኝ ጥቃቅን ነጥቦች በረድፍ ይታያሉ፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። መብራት አጥፍቼ ከጎን ካለው ክፍል ስተኛ፣ ወረቀት የሚቀድ ሰው ያለ ይመስላል።

የግቢው ጉሎ ዛሬ ራቁቱን ቀረ። ዘንግና ጫፍ ላይ ያለ ለጋ ብቻ። ከአጥር ውጭ ያለውም ከነገ አያልፍም።

ጥቅምት 18

ቅጠል ፍለጋ። አስፋልት ዳር ያለው ጉሎ ብዙ ነው፣ ግን በአቧራና በጭስ ጠቁሯል። አንድ ሽንኩርት ማሳ ዳር ያማረ ጉሎ አገኘሁና መቁረጥ ስጀምር ባለቤቱ «ትናንት መድኃኒት ረጭቻለሁ» አለኝ። እግዜር ይስጠው፤ ባይነግረኝ 228ቱም በአንድ ሌሊት ባለቁ ነበር። ፓፓያና ካሳቫም ይበላሉ ይባላል፤ የጎረቤታችንን ፓፓያ ቅጠል ሞከርኩ። ዞረውት ሄዱ። በጉሎ ያደገ ትል በመጨረሻ ሳምንቱ ገበታ ቀይር ቢሉት እሺ አይልም።

ያዳነኝ እማዬ ናት። ከእድር መልስ ሦስት ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች፣ እያንዳንዳቸው እቅፍ ሙሉ ጉሎ። «አጥራችን ጥርት አለልን» ይላሉ ደግሞ።

ጥቅምት 21

አንዱ ትል ከቅጠሉ ላይ ወርዶ የሰፌዱን ጠርዝ ይዞራል። መልኩ ቢጫ መታ፣ ሰውነቱም አጠር አለ። አርቢው እንደነገረኝ በሁለት ጣቶቼ ቀስ አድርጌ አሻሸሁት፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ድምፅ ይሰማል። በስሏል።

የበሰለ ትል በመጀመሪያ ሆዱን ያጸዳል፤ ስለዚህ ሥሩ ጋዜጣ ማንጠፍ ነው። ከዚያ የደረቀ የሙዝ ቅጠልና ጭራሮ አስሬ ባዘጋጀሁት እቅፍ ላይ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ጥግ ይመርጣል፣ ጥቂት ክር ወዲያ ወዲህ ወርውሮ ራሱን ያስራል፣ ከዚያ ከአፉ ሥር ባለች ቀዳዳ ክሩን እያወጣ ጭንቅላቱን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ያዞራል። መጀመሪያ በመጋረጃ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል፣ ማታ ላይ ጥላው ብቻ ይታያል፣ በማግስቱ እሱም የለም።

የመጨረሻው ዕድሜ ሒሳብ፦ በስምንት ቀን 7.55 ኪሎ። ከጠቅላላው 9.4 ኪሎ ውስጥ አራት አምስተኛው የተበላው በዚህች ሳምንት ነው። ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ ትሉን ሳይሆን የመጨረሻዋን ሳምንት ቅጠል መጀመሪያ ቁጠር እለዋለሁ።

ጥቅምት 28

224 ኮኩን ሰበሰብኩ። አራት ትል ሳያደራ ሞቷል። ኮኩን ማለት ትሉ ራሱን የሸፈነበት የሐር ቤት ነው፤ ነጭ፣ እንደ ጥጥ ልስልስ፣ አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። ኤሪ ከመልበሪው ትል የሚለየው እዚህ ጫፍ ላይ ነው። የመልበሪው ትል ቤቱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ክሩም ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ትሉን ከነቤቱ ቀቅሎ ክሩን የሚመዘው። ኤሪ ግን ለራሱ በር ይተዋል፤ ክሮቹ ጫፉ ላይ ተሰብስበው አይጋጠሙም። ስለዚህ አይመዘዝም፣ እንደ ጥጥ ይፈተላል፤ ነፍሳቱም መሞት የለበትም፣ በበሩ ይወጣል።

አንዱን በምላጭ ከፈትኩት። ውስጡ ቡናማ፣ ጠንካራ፣ እጅ እግር የሌለው ፑፓ፤ ትሉ ወደ እሳት እራትነት ሲለወጥ የሚያልፍበት መልክ ነው። ጣቴ ሲነካው ጅራቱ በኩል ተወዛወዘ። በአሳም ይኼን ሰዎች ጠብሰው ይበሉታል አልኳት እማዬን። ሦስት ቀን ወደ ክፍሉ አልገባችም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። እማዬ በሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ኅዳር ሲታጠን ነውና ከጠዋቱ ጀምሮ ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ አቀጣጥሏል፤ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ ያልቀረ ልማድ። ጭስ ለእነዚህ ፍጥረታት አይሆንም። ሰፌዶቹን ተሸክሜ ወደ ኋላ ክፍል ስገባ አንዱ ኮኩን ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እዚያው ይዤው ቆምኩ።

በመጀመሪያ በበሩ የወጣው እርጥብ ነጭ ፀጉር ነው። ከዚያ ሁለት እንደ ላባ የተበጠሩ አንቴናዎች፣ ከዚያ እግሮች። ተጎትታ ስትወጣ ክንፎቿ የተጨማደዱ፣ ከጥፍሬ የማይበልጡ ናቸው። ወደ ላይ ወጥታ ተንጠለጠለች፣ ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ጣለች (ጋቢዬ ላይ)። ክንፎቿ ደም እየገባባቸው ቀስ በቀስ ወረዱ፣ እንደሚተኮስ ነጠላ ጭምድዳቸው ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። በማስመሪያ ስለካት ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሳንቲሜትር። መደቡ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ መሐሉን የሚያቋርጥ ነጭ መስመር፣ በአራቱም ክንፍ ላይ አንዳንድ የጨረቃ ቅርጽ፣ የፊት ክንፍ ጫፍ ላይ ዓይን የምትመስል ጥቁር ነጥብ። ሆዷ ነጭ ጸጉር ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየቻትና «ጋቢ ለብሳለች» አለች፤ ያቺን የሦስት ቀን ቂም በዚሁ ረሳች።

ኅዳር 14

እስከ ዛሬ 160 ያህል ወጥተዋል። ወንዱና ሴቷ በቀላሉ ይለያሉ፤ የወንዱ አንቴና ሰፊ ነው፣ የሴቷ ሆድ ደግሞ ወፍራም። አፍ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። ክንፉም፣ እንቁላሉም፣ ጉልበቱም ሁሉ ትል ሳሉ ከበሉት ጉሎ የተረፈ ስንቅ ነው። ከአሁን በኋላ አንዲት ጠብታ እንኳ አይቀምሱም፣ በሳምንት ውስጥ ይሞታሉ።

ማታ የእማዬን ጥያቄ ለመመለስ አምፖሉን አጥፍቼ ሰፌዱ አጠገብ ሻማ አበራሁ። አንድ ወንድ ተርገፈገፈና ሰፌዱ ላይ መልሶ ወደቀ። ሌሎቹ ከቁብም አልቆጠሩት። ሰው እጅ ውስጥ ብዙ ትውልድ ከኖሩ በኋላ መብረሩን ትተውታል፤ ይህ ዝርያ ከአርቢ ቤት ውጭ በዱር አይገኝም። ዱር የቀሩት ዘመዶቹ ከሂማላያ ግርጌ ናቸው። ለእሳት እራት የማይሆን የእሳት እራት!

ኅዳር 17

አሥራ ሁለት ጥንድ ለይቼ ለዘር አስቀምጬ ነበር። ተገናኝተው ስድስት ሰዓት ሲሞላቸው ለያየኋቸው፣ ሴቶቹን በጨርቅ ክር ጭራሮ ላይ አንጠለጠልኩ። አንዷ በሦስት ሌሊት 312 እንቁላል ጣለች።

እንቁላሉን ከመቀበሌ በፊት ግን እናትየዋን መመርመር አለ። በ1865 እ.ኤ.አ. ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ የሐር ትል በጅምላ ሲያልቅ ሉዊ ፓስተር ተልኮ የደረሰበት መንገድ ነው። በሽታው ከእናት ወደ እንቁላል ስለሚተላለፍ፣ እንቁላል የጣለችውን እናት ፈጭቶ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ከታመመች የእሷን እንቁላል ማቃጠል። የሞቱትን ሴቶች አንድ በአንድ በሙቀጫ ወቅጬ በጥቂት ውኃ በጥብጬ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ አየኋቸው። የሚፈለገው እንደ ሩዝ ፍሬ ሞላላ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። በአሥራ አንዷ የለም፤ በአንዷ የሚያጠራጥር ነገር አየሁ። አልተከራከርኩም፣ እንቁላሏን ከሰል ላይ ጣልኩት። ተማሪዎቼ ከበውኝ ነበር፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል በላይ ያችን ሙቀጫ የሚያስታውሱ ይመስለኛል።

ኅዳር 24

በጠቅላላ 209 የእሳት እራቶች ወጡ፤ አሥራ አምስት ኮኩን ውስጥ ፑፓው ሞቷል። ባዶ ቤቶቹን ገልብጬ ውስጣቸው የቀረውን የፑፓ ልጣጭ አራገፍኩ። 76 ግራም። በሳሙናና በሶዳ ውኃ አንድ ሰዓት ገደማ ቀቀልኳቸው፤ ሙጫው ሲለቅ ውኃው ቢጫ ሆነ። አለቅልቄ አንድ በአንድ በጣቴ አሳስቼ ጥላ ውስጥ አደረቅኳቸው። 67 ግራም።

ኅዳር 25

አዲሶቹ ተፈለፈሉ። 60 ብቻ አስቀረሁ፣ የቀረውን እንቁላል ለሁለት ሰው ሰጠሁ። በጋ ገብቷል፣ ሌሊቱ ቀዝቅዟል፣ የተመለጠው ጉሎም ገና ማቆጥቆጡ ነው።

ታኅሣሥ 5

እማዬ ጥጥ ከፈተለች ዓመታት አልፈዋል። እንዝርቷን ከቆጥ አወረደች፣ ሐሩን እንደ አመልማሎ ጠቀለለችው፣ ሁለት ጊዜ በጠሰችው፣ «ይኼ እንደ ጥጥ አይሳብም፣ ረጅም ነው ጸጉሩ» አለች። ሦስተኛው ላይ እጇ ለመደ። ከጭኗ ላይ እንዝርቱን ስታሽከረክረው ክሩ ከጣቷ የሚወጣው እንደ ጥጥ ፈትል ነጥቶ ሳይሆን ቅቤ ነክ ቀለም ይዞ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን እያበራ ነው። ዘጠኝ ቀን ማታ ማታ ፈተለች። ዛሬ ልቃቂቷን መዘንናት፦ 52 ግራም።

ሸማኔው በስልክ እንዳለን ድሩ ጥጥ ከሆነ ለአንድ ነጠላ ጥለት ይበቃል። እማዬ ስልኩን ተቀብላኝ «ሁለት ነጠላ ነው የሚሆነው፣ ጠብቅ» አለችው።

60ዎቹ ዛሬ ሁለተኛ ሱባኤያቸው ላይ ናቸው፤ ነገ ረፋድ ላይ ይወጣሉ። የአጥሩ ጉሎ አቧራ ጠጥቷል። ስድስት ቅጠል አጥቤ ልብስ መስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅያቸዋለሁ፤ ጠዋት ሳልጠርግ አልሰጥም።